ለብርድ አገር ስንቅ

አባቶቻችን ለመንገድ ሲሰናዱ አስቀድመው የሚጠይቁት የመንገዱን ርዝመት ነበር። የሁለትና የሦስት ቀን ጉዞ ከሆነ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል፤ ሳምንት የሚወስድ ከሆነ በሶ ይጨመራል፤ ከዚያ የሚያልፍ ዘመቻ ከሆነ ድርቆሽና ቋንጣ ይሰናዳል። ስንቅ እንግዲህ የቀን ሒሳብ ነው። የቤት እመቤቷም ስንቁን ስታሰናዳ በጣቷ የምትቆጥረው ባሏ ወይም ልጇ ከቤት የሚርቅባቸውን ቀኖች ነው። ይህ ሒሳብ የሚፈርሰው ጉዞው አልቆ ኑሮ በሚጀመርበት ጊዜ ነው። ለአምስትና ለስድስት ዓመት የሚበቃ ስንቅ በየትኛውም ሻንጣ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ወደ ሩቅ አገር፣ ይልቁንም ወደ ብርድ አገር፣ ለረዥም ጊዜ የሚሄድ ሰው ጓዙን በሚሸክፍበት ጊዜ በሌላ ሚዛን መመዘን ይኖርበታል፤ ይኸውም በሚሄድበት አገር የሚገኘውን ከማይገኘው የሚለይ ሚዛን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። ለአራት ዓመት ትምህርት ወደ ካናዳ፣ ኤድመንተን ወደምትባለው ከተማ ለመሄድ ተሰናድታለች። ከተማይቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ53ኛው ዲግሪ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ መውረድ ለነዋሪዎቿ እንግዳ ነገር አይደለም። «ጋሼ፣ እርስዎ ብርድ አገር ኖረዋል፤ ምን ምን ልያዝ?» አለችኝ። እኔ ከመስከረም 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ስድስት ዓመት በሞስኮ ተምሬአለሁ። ጊዜው ብዙ ወጣት ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሚላኩበት ዘመን ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1984 ዓ.ም. ፈረሰች፤ ብርዱ ግን መንግሥት ተለወጠ ብሎ አልተለወጠም። ስለዚህ ያየሁትን ልነግራት እችላለሁ፤ ለእርሷ የምለውም ለሌላው መንገደኛ ሳይጠቅም አይቀርም።

ስለ ብርድ ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ የሰው አገር ንብረት አስመስለን ነው። ቋንቋችን ግን ሌላ ይመሰክራል። ብርድ፣ ቁር፣ ቆፈን፣ ውርጭ፣ አመዳይ እያልን የምንለያቸው ነገሮች ብርድን በማያውቅ ሕዝብ አፍ የሚፈጠሩ ቃላት አይደሉም። ቁር የአየሩ ነው፤ ቆፈን የጣቱ ነው፤ ውርጭ የአዝመራው ነው። እኔ ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይገኛል፤ የባቄላው ቅጠል እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይልፈሰፈሳል። ወደ መንዝ በተወጣ ቁጥር ብርዱም አብሮ ይወጣል፤ የጓሳ ሜዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። የዚያ አገር ሰው ብርድን የሚመክተው በጥጥ ሳይሆን በበግ ጠጉር ነው። ባናና ዝተት ከበግ ጠጉር ይሠራሉ፤ በርኖስ ነፋስንም ዝናብንም ይመልሳል፤ እረኛው ለምዱን ደርቦ ይውላል። አያቴ በርኖሳቸውን ለብሰው በካፊያ ሲመጡ፣ ውኃው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ እንደ ጤዛ ከላዩ ላይ ሲንከባለል ተመልክቻለሁ።

ይህን የማነሣው ትዝታዬን ለማጣፈጥ አይደለም። በኋላ በሞስኮ ያየሁት ሰው ከብርድ የሚጠበቅበት ዘዴ በመሠረቱ ከመንዝ እረኛ ዘዴ አይለይም ነበር፤ ጠጉር፣ ቆዳ፣ በመካከላቸውም አየር። ቫሌንኪ የሚሉት የገጠር ጫማቸው ተዳምጦ ከተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር የሚሠራ ነው። ዱብሊዮንካ የሚሉት ካፖርታቸው ጠጉሩ ወደ ውስጥ የዞረ የበግ ለምድ ነው፤ ልዩነቱ እጅጌና ቁልፍ ስላለው ነው። ስለዚህ ወደ ብርድ አገር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ስለ ብርድ ምንም እንደማያውቅ ሆኖ መሄድ የለበትም። ዕውቀቱ በአገሩ አለ፤ የሚጎድለው የልኩ ማነስና መብዛት ነው።

የልኩን ነገር ያየሁት በመጀመሪያው ዓመት ነው። በመስከረም ስንደርስ ዛፎቹ ቢጫ ነበሩ፤ በጥቅምት ረገፉ፤ በኅዳር በረዶው መሬቱን ሸፈነ። ብርዱ ደረጃ በደረጃ ስለ መጣ «ይኸው ነውን?» የሚሉ ጓደኞች እንኳ ነበሩ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1978 ሊያበቃ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ በሞስኮ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ35 ዲግሪ አልፎ ወረደ። በእንደዚያ ያለ ብርድ በአፍንጫ የሚሳበው አየር እንደ መርፌ ይወጋል፤ የዓይን ሽፋል ላይ ትንፋሽ ይረጋል፤ በረዶው ሲረገጥ እንደ ደረቅ ዱቄት ይንኮሻኮሻል። ከተማው ዝም ይላል። የክፍላችን ማሞቂያ ቧንቧ ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ ያለንን ሁሉ ደራርበን ተኛን። በዚያ ሌሊት የሆነውን ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ስለ ልብስ የሚባለውን ልበል።

ስለ ልብስ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። «የአገሩን በሬ በአገሩ ሠርዶ» ይባላል። ለ30 ዲግሪ ብርድ የሚሆን ካፖርት የሚሠራው 30 ዲግሪ ብርድ ባለበት አገር ነው። በእኛ ጊዜ ከመርካቶ የሰልባጅ ካፖርት ተገዝቶላቸው የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ካፖርቱ ከባድ ነው፣ የሻንጣቸውን እኩሌታ ይዟል፣ ነገር ግን ነፋሱ በሽመናው መካከል እንደ ልቡ ይገባል። ክብደትና ሙቀት አንድ አይደሉም። ሙቀትን የሚይዘው በልብስና በልብስ መካከል፣ በጠጉርና በጠጉር መካከል ተይዞ የሚቆመው አየር ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ ወፍራም ልብስ ከሚለበስ ሦስት ስስ ልብስ መደረቡ ይበልጣል። ከገላ የሚነካው ልብስ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ከጠጣ በኋላ ሙቀት አይይዝም፤ የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። ጫማው ወፍራም ካልሲ አስገብቶ ጣት እንደ ልብ የሚንቀሳቀስበት መሆን አለበት፤ የጠበበ ጫማ እግርን ከበረዶው ይልቅ ያቀዘቅዛል። አራቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዘው ጓንት ጣት ጣቱን ከሚለየው ይሻላል። ቆብ ጆሮን ካልሸፈነ ጌጥ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የሞስኮ ቤት ውስጥ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ መቀመጥ ይቻላል። በቤተ መጻሕፍት፣ በቲያትር ቤት፣ በትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ጋርዴሮብ የሚባል ክፍል አለ፤ ካፖርት ለብሶ ወደ ውስጥ መዝለቅ እንደ ነውር ይቆጠራል። የካፖርቱ አንገት ላይ ማንጠልጠያ ክር ከሌለ የጋርዴሮቧ ሠራተኛ ካፖርቱን ከመቀበሏ በፊት ሰውየውን ትቆጣለች። ስለዚህ መርፌና ክር ከሻንጣው አይጥፋ። እኛም አዲስ አበባ ውስጥ በፀሐይ የጋለ አውቶቡስ ላይ ተሳፍረን «ብርድ ይመታኛል» ብለን መስኮት የምንዘጋ ሰዎች ነንና፣ የሩሲያ ባልቴቶች ስክቮዝኒያክ የሚሉትን ሽው የሚል ነፋስ ሲፈሩ ባየሁ ጊዜ የአገሬን ሰዎች ያገኘሁ መሰለኝ። ቆብ ሳያደርግ የወጣን ወጣት፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ በመንገድ ላይ አስቁመው ይገሥጹታል። ሞስኮ በፑሽኪን አደባባይ የቆመው፣ በ1880 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የባለቅኔው ሐውልት ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል፤ «እርሱንስ ማን ይቆጣው?» እያልን እንሳሳቅ ነበር።

ከብርዱ ይልቅ ሳይታሰብ የሚመጣው የብርሃን ነገር ነው። በአገራችን ብርድ የተሰማው ሰው ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። በሞስኮ ክረምት ግን ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወለል ብላ የታየች ዕለት ብርዱ የከፋ ነው፤ ደመናው ምድርን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናትና ሙቀቷን ያቆይላታል፣ ሲገለጥ ግን ሙቀቷ ወደ ሰማይ ያመልጣል። ይህን ሳስተውል የደብረ ብርሃን ባቄላ ጥርት ባለ ሌሊት ለምን በውርጭ እንደሚመታ የገባኝ በዚያ ነው፤ ምክንያቱ አንድ ነው። በታኅሣሥ ወር በሞስኮ ቀኑ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገና ይነጋል፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል። ጠዋትን ከፀሐይ መውጣት የሚቆጥረው ሰዓታችን እዚያ አገር ትርጉሙን ያጣል። ጥቁር ገላ በእንዲህ ያለ ስስ ፀሐይ ሥር ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቪታሚን ዲ በበቂ ሁኔታ አያገኝም፤ ስለዚህ የሚሄድ ሰው በደረሰበት አገር ሐኪም ጠይቆ መውሰድ ይገባዋል። በማሞቂያ የደረቀ አየር ከንፈርንና ተረከዝን ይሰነጥቃልና ቫዝሊን አይረሳ። የትምህርት ማስረጃ፣ የመነጽር ትእዛዝ፣ የዘወትር መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ይህን ሁሉ የጉዞ ወኪሉም ይናገረዋል፤ ስለዚህ አልዘገይበትም።

ወደ ምግቡ ስንመጣ የጊዜው መለወጥ ብዙ ነገር አቃሏል። በእኛ ዘመን የተፈቀደው 20 ኪሎ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አምስቱ ወይም ስድስቱ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ይሆናል። እንጀራ ያልነውን ነገር ከስንዴ ዱቄት እንጋግር ነበር፤ ዓይን የሌለው፣ ሲነካ የሚሰበር ነበር፤ ቢሆንም ማንም ጠልቶ አልተነሣም። ዛሬ ጤፍ በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ጭምር ይመረታል፤ በሰሜን አሜሪካ ብዙ ከተሞች የጤፍ ዱቄትም እንጀራም በሱቅ ይሸጣል። ስለዚህ ጤፍ መሸከም አስፈላጊ አይደለም። ሥጋና የወተት ውጤት ደግሞ ብዙ አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ እንዳይገባ ይከለክላሉ ወይም ይገድባሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቋንጣም ሆነ ቅቤ ከውጭ ይዞ የመጣን መንገደኛ አያሳልፉም። የጉምሩኩን ሕግ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ደክመው ያሰናዱት የእናት እጅ ሥራ በአውሮፕላን ማረፊያ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲወረወር ከማየት ያድናል። የቀረው በርበሬ ነው። በርበሬ በሱቅ ይገኛል፤ የአንድ ቤት በርበሬ ግን ከዚያ ቤት በቀር አይገኝም። የኮረሪማው፣ የበሶብላው፣ የጥቁር አዝሙዱ ልክ በእናት እጅ እንጂ በጽሑፍ የለም። በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ ከልብስ ተለይቶ ይቀመጥ። ብዙ መሆን የለበትም፤ ለበዓል ብቻ የሚወጣ ሁለት ኪሎ ይበቃል።

ከእኛ አስቀድሞ ወደዚያ ብርድ የሄዱ ሰዎች ምን ይዘው እንደ ሄዱ ማሰብ ደግሞ ያስተምራል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ አፍሪካዊ ሕፃን ከቁስጥንጥንያ ወደ ሞስኮ ተወሰደ። በኋላ የታላቁ ጴጥሮስ የጥምቀት ልጅ፣ የምሽግ መሐንዲስና ጄኔራል የሆነው፣ የባለቅኔው የአሌክሳንደር ፑሽኪንም ቅድመ አያት የሆነው አብራም ሐኒባል እርሱ ነው። ስንቅ የቋጠረለት፣ ጋቢ የደረበለት ሰው አልነበረም። ነገር ግን በ1742 እ.ኤ.አ. ለንግሥቲቱ ለኤልሳቤጥ ባቀረበው ማመልከቻ የተወለደበትን ቦታ «ሎጎን» ብሎ ጻፈ። ያቺን ቦታ አንዳንዶቹ በእኛ አካባቢ፣ በመረብ ማዶ፣ ሌሎቹ በቻድ ሐይቅ አጠገብ ይፈልጓታል፤ ክርክሩ አላበቃም። እኔን የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ብዙ ዓመት በሩሲያ ኖሮ፣ ጦርነትና ግዞት አይቶ፣ እስከ ሳይቤሪያ ዳርቻ ተልኮ፣ ያቺን አንዲት ቃል ሳይጥላት መቆየቱ ነው። ክብደት የሌለው ስንቅ ያ ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ገና ልጅ ሳሉ፣ ከአድዋ ድል በኋላ፣ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል። ብዙ ዓመት በሰው ቤት፣ በሰው ቋንቋ ካደጉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀውን «ፋቡላ»ን የደረሱት እርሳቸው ናቸው። የሕይወታቸውንም ታሪክ በአማርኛ ጽፈው ትተውልናል። ከዚህ የምረዳው፣ በብርድ አገር ብዙ መቆየት ቋንቋን የግድ እንደማያደርቅ ነው። ስለዚህ ከሻንጣው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት የአማርኛ መጻሕፍት ይግቡ። ዛሬ ሁሉ ነገር በስልክ ላይ ይነበባል የሚለኝ አይጠፋም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በስልክ ላይ ያለው የግል ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ እንግዳ ያነሣዋል፣ ጓደኛ ይዋሰዋል፣ ሳይመልስ ይቀራል፣ በዚያም ሰበብ ሰው ከሰው ይገናኛል። በእኛ መኖሪያ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ አልቆ በጋዜጣ ተለብጦ ነበር።

ከመጽሐፉ ጋር የአገራችን የቀን መቁጠሪያ ይያዝ። በሰው አገር የሰው ቀን እየቆጠሩ ሲኖሩ በዓላት ሳይታወቁ ያልፋሉ። የመስቀል ዕለት በትምህርት ክፍል ተቀምጦ፣ በማግሥቱ «ለካ ትናንት ነበር» ማለት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕለት ሲደጋገም ሰው ከራሱ ቤት የወጣበትን ቀን ማስታወስ ይተዋል። በሞስኮ አንድ መጽናኛ ነበረን፤ የእኛ ገና የሚውልበት ዕለት የሩሲያ ኦርቶዶክሳውያን ገና የሚውልበት፣ በእነርሱ ቍጥር ጥር 7 ቀን ነው። በዚያ ዘመን በዓሉ በይፋ የማይከበር ቢሆንም፣ አንዳንድ አሮጊቶች በቤታቸው ይጠብቁት ነበር።

አሁን ወደ ጋቢው ልመለስ። ጋቢ ለእናቴ ልብስ ብቻ አልነበረም። ጥጡን ራሷ ፈልፍላ፣ ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ነው ያሠራችው። እንደ ደንቡ አራት ድርብ ነው፤ በአራቱም ድርብ መካከል አየር አለ። እንግዲህ የመንዝ እረኛና የሞስኮ ሰው የሚያውቁትን ሕግ እናቴም በእጇ ታውቀው ነበር ማለት ነው። ጥጥ ስለ ሆነ ለበረዶ ውጪ ለመውጫ አይሆንም፤ በደረቅ ክፍል ውስጥ ግን ከብርድ ልብሱ ሥር ሲገባ ተወዳዳሪ የለውም። በዚያች በታኅሣሥ 22 ሌሊት ማሞቂያው ሲዳከም፣ የመኖሪያ ሕንፃችን ተረኛ ጠባቂ የነበሩ አረጋዊት በየክፍሉ እየዞሩ ተማሪዎቹን ሲጎበኙ ወደ እኛም ገቡ። ጋቢውን አዩት። ጫፉን ይዘው፣ ከዘርፉ አንዲት ክር በጣታቸው መካከል ፈተጉና «ይህን ማን ፈተለው?» አሉኝ። በእጅ የተፈተለ መሆኑን አወቁት፤ ለካ እርሳቸውም በልጅነታቸው በመንደራቸው ፈታይ ነበሩ። እናቴ ናት አልኋቸው። ሌላ ነገር አልተናገሩም። በሦስተኛው ሳምንት ከበግ ጠጉር የተሠራ አንድ ጥንድ ካልሲ አምጥተው ሰጡኝና «በጠባብ ጫማ አታድርገው» አሉኝ። ጋቢው ለካልሲ አስተዋወቀኝ ማለት ይቻላል። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በበሩ ሳልፍ የሚጠይቁኝ ስለ እናቴ ነበር።

በጥር ወር 1975 ዓ.ም. እናቴ እንዳረፈች መርዶ መጣ። ደብዳቤው ለእኔ አልተጻፈም፤ እንደ ወጉ ለጓደኛዬ ነበር የተጻፈው። ከአዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ወር ፈጅቶበታል፤ ስለዚህ እኔ ስስቅና ፈተና ሳጠና በሰነበትሁበት ወር እርሷ አልነበረችም። መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው። በሞስኮ ጥር ግን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ነው። በዚያ ጨለማ አሥራ አንድ ኢትዮጵያውያን ከሌሎች መኖሪያዎች በመጀመሪያው የምድር ባቡር ተነሥተው መጡ። በዚያ ሰዓት እንግዳ ወደ ላይ እንዲወጣ ደንቡ አይፈቅድም። አረጋዊቷ ምን እንደ ሆነ ከጓደኛዬ ሰሙና በሩን ከፈቱላቸው፤ ኋላም ራሳቸው ተከትለው ወጡ። ከመጡት መካከል ትግራይም፣ ኦሮሞም፣ ጉራጌም፣ የጎንደርም ልጅ ነበረ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነበረ። ልቅሶው ሲበርድ አንዱ ጋቢውን ከአልጋዬ ላይ አንሥቶ አዘቅዝቆ አለበሰኝ። አንዱ ይዞት በመጣው ጀበና ቡና አፈላ፤ ሌላው ቆሎ አወጣ። አረጋዊቷ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው የጋቢውን ዘርፍ ይዘው ቆዩ። ቋንቋችንን አያውቁም፤ የፈታይዋን ሞት ግን ተረድተዋል። ያን ቀን የሚለበስ ልብስ በሞስኮ ሱቆች ሁሉ ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

የእኅቴ ልጅ ዘመን ከዚህ በብዙ ይለያል። እናቷን በየቀኑ በስልክ ታያታለች፤ ወሬ በደቂቃ ይደርሳል። ያም ሆኖ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ዛሬም መርዶን በስልክ ማርዳት ነውር ነው ይላሉ፤ በዚያው ከተማ ያለ ሰው ይፈልጉና፣ ማልዶ ሄዶ በሩን እንዲያንኳኳ ይልኩታል። በብዙ የሰሜን አሜሪካ ከተሞችም ዕድሮች የተቋቋሙት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በጓዝ ዝርዝሯ ላይ አንድ ነገር እንድትጨምር ነገርኋት፤ ይኸውም በዚያ ከተማ የሚኖሩ የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ስምና አድራሻ ነው። እነርሱንም ችግር ሲመጣ ሳይሆን በደረሰች በመጀመሪያው ወር ሄዳ ትጠይቃቸው። በሩን የሚያንኳኳው ሰው አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበትና።

እነሆ እንግዲህ የመጨረሻው ዝርዝር። ካፖርቱና ቦት ጫማው እዚያ ይገዛሉ፤ ገንዘቡ ብቻ ለብቻው ይቀመጥ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ሹራብ፣ ሁለት ጥንድ የጠጉር ካልሲና ቆብ ይበቃል። ሁለት ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ቡና፣ ጀበና በልብስ ተጠቅልሎ። ሦስት መጻሕፍት፣ አንድ የቀን መቁጠሪያ፣ መርፌና ክር፣ ቫዝሊን። ነጠላ አንድ። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ይፈቅዳሉ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ አንዱን ሻንጣ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ቦታ እናቷ የምትጨምረው አታጣም። እናቷ ያሠራችላት ጋቢ ከሁሉ በላይ፣ ከሻንጣው አናት ላይ ይታጠፍ፤ መንገደኛ በደረሰበት የመጀመሪያ ሌሊት ሻንጣውን ሁሉ ለመዘርገፍ ጉልበት የለውም፣ ብርዱ ግን የሚጠብቀው በዚያው ሌሊት ነው።